አራት ብሎን በእትዬ አለሚቱ ሊሾ ላይ

ብረት ከተቀመጠበት አይነቃነቅም የሚል ሰው ካለ ደባርቅ ይምጣና እኔን ያነጋግረኝ። ብረት ሲራመድ አይቻለሁ። ተራ ብረትም አይደለም፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስድስት ጎልማሳ ተጋግዞ በስንት መከራ ቤት ያስገባው ብረት ነው። ከድግስ እንደሚመለስ ወፍራም ሰው ቀስ እያለ፣ በየእርምጃው እያረፈ፣ ወደ በሩ ሲሄድ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ካላመናችሁኝ ደህና፤ ስጨርስ ታምኑኛላችሁ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ግን ንዴቴ አይበርድም። የደባርቅ ብርድ ያላበረደውን ንዴት የእናንተ እምነት አያበርደውም።

ከሥሩ ልጀምር። ደሳለኝ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የወጣ፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር መጫወት የሚወድ ልጅ ነው። እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ኢንተርኔት ላይ አይቶ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ግማሹን ዕቃ ከጎንደር፣ ግማሹን ከአዲስ አበባ እየለቃቀመ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በትርፍ ጊዜው ሲበይድ ከረመ። ስሙ ሲኤንሲ ነው። አልጋ የመሰለ የብረት ጠረጴዛ አለው፤ በጠረጴዛው ላይ ድልድይ የመሰለ ብረት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ድልድዩ ላይ ሞተር ተንጠልጥሏል፤ ሞተሩ ጫፍ ላይ እንጨት የሚበላ ጥርስ አለ። ሥዕሉን በኮምፒውተር ትሰጠዋለህ፤ እሱ እንጨቱን ይቀርጻል። የሰፈሩ ሰው ይህን ሁሉ ዝርዝር ትቶ «የደሳለኝ አልጋ» ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት በአጥር በኩል «አልጋው እንዴት አደረ?» ብለው ይጠይቁናል። የኛን ማደር የጠየቀን ግን የለም።

እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ? የዳባት ልጅ ነኝ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም ሳያስተምረው ግጥም የሚጽፍ ሰው ደግሞ ኪራይ የሚጋራው ሰው ያስፈልገዋል። ደሳለኝ ማሽኑን የሚያቆምበት ሰፊ ክፍል ፈለገ፤ እኔ አንድ ወንበር የማቆምበት ጥግ ፈለግሁ። በዚያ ላይ እጄ ለሥዕል ስለሚታዘዝ፣ ማሽኑ የሚቀርጸውን ሐረግ የምሥለው እኔ ነኝ። እንዲህ ሆነን የመሪጌታ ይትባረክ ተከራዮች ሆንን።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ገና በገባን በሳምንቱ ከግጥሞቼ አንዱን ለምነው ተቀበሉኝና በፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሲመልሱልኝ፣ «ልጄ፣ ሐሳቡስ ደግ ነው፤ ምሰሶ የለውም እንጂ። ቅኔ ቤት ያልገባ ግጥም ምሰሶ እንዳልቆመለት ጎጆ ነው፤ ያምራል፣ ነፋስ እስኪመጣ ድረስ» አሉኝ። ሰማንያ ስንኝ ጽፌ ስለ ምሰሶ ተነገረኝ። እሺ አልኩ፤ ቂሙን ግን በደረቴ ያዝኩት።

ይሁን እንጂ ሰውዬውን መጥላት አይቻልም። የደብሩ የቅጽር በር በስብሶ ወድቆ ስለነበር ሰበካ ጉባኤው ከጎንደር የብረት በር ሊያስመጣ ተነሣ። መሪጌታ በጉባኤው መካከል ቆመው፣ «የእመቤታችን ቅጽር መጋዘን ነው ወይ ብረት የሚገጠምበት? እቤቴ ያሉት ልጆች በዋንዛ ሐረግ ቀርጸው ይሠሩታል። ለጥር ሃያ አንድ፣ ለአስተርእዮ ማርያም ይደርሳል። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። የጉባኤው ሊቀ መንበር ባይደርስስ ሲሏቸው፣ «ባይደርስ በዓሉን ማኅሌት አልቆምም፤ በሌለው በር በኩል ከውጭ ቆሜ አነጋለሁ» አሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት የመሩ ሰው ናቸው። ይህን ቃል የሰጡት አንድ ሙሉ በር ሠርቶ ለማያውቅ ማሽንና ምሰሶ የለውም ላሉት ልጅ ነው። እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥርስና ብሎን ላይ የሽማግሌ ቃል ተንጠልጥሎበታል።

የመጀመሪያው ቀን ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ዋንዛውን አሰርን፤ ደሳለኝ አማተበና ቁልፉን ተጫነው። ድልድዩ ሄደ፤ መለስ አለ፤ ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ገባ። የሣልኩት ሐረግ ከእንጨቱ ውስጥ እየተፈለቀቀ ሲወጣ ሳይ፣ አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። ሁለታችንም ሐረጉ ላይ አፍጥጠን ስንቀር እግሩን ያየ የለም። ለካስ ድልድዩ ወዲያ ሄዶ ቀጥ ባለ ቁጥር ማሽኑ በመላ አካሉ አንዲት ጋት ይንሸራተታል። እኛ ስናደንቅ፣ እሱ እየተራመደ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በጀርባው ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ መብራት ጠፋ።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ገፋን፤ አልሄደም። ለመምጣት ማንንም ያልጠየቀ ማሽን ለመመለስ ግን ስድስት ሰው ይፈልጋል። በመስኮቱ የመሪጌታን ባለቤት እትዬ አለሚቱን ጠራሁ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ።

«አልጋው በሩን ዘጋብን።»

በፍርግርጉ አጮልቀው አዩን። «አልጋ በር አይዘጋም፤ በር የሚዘጋ ሰው ነው። ምን ልትሠሩ ነው የዘጋችሁት?»

ምሳችንን እንደ እስረኛ በፍርግርጉ ተቀበልን። ያወጡን ጋሽ በላይ ናቸው። ጋሽ በላይ ጎረቤታችን ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው በሊማሊሞ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲያፈነዱ የኖሩ፣ አሁን ደግሞ ግንበኛም፣ አናጢም፣ የሁሉም ነገር አዋቂም ናቸው። ከደጅ በግንድ አስገፍተው፣ በመስኮት እየጮኹ እኛን አዝዘው፣ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አበጁልን። ስወጣ ልብሴ ሁለት ቁልፍ አጥቷል።

ደሳለኝ ወጣ ብሎ አየር እንኳ ሳይስብ ውሃ ልኩን ይዞ ተመለሰ። ወለሉ ላይ ቢያስቀምጠው የውሃው አረፋ ወደ አንድ ጎን ሸሸ። ወለሉ ወደ በሩ ዘቅዝቋል።

«ታስቦ ነው» አሉ ጋሽ በላይ ፈጥነው። «ሊሾ ሲታጠብ ውሃው ወደ በር እንዲወርድ ታስቦ ነው የሚዘነብል።»

ማን እንዳሰበው አልጠየቅንም። መጠየቅ ነበረብን።

«መፍትሔው አንድ ነው» አለ ደሳለኝ። «እግሮቹን በአራት ብሎን ከኮንክሪቱ ጋር ማሰር። ወለሉን በስተን፣ ስንዝር ስንዝር የሚሆን ብሎን አስገብተን፣ በዳዶ ማጥበቅ ነው።»

እትዬ አለሚቱ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «የምኑን ወለል?» አሉ። «ሊሾዬን? ይህን ሊሾ እኮ ስንት ዓመት እበት ስለቀልቅ ኖሬ ነው ያሠራሁት። ስንዝር ሙሉ ኮንክሪት ነው፤ ደህና ባለሙያ ነው የሠራልኝ። ፊቴን የማይበት ወለል ነው። በር ሥሩ አልኋችሁ እንጂ ቤት አፍርሱ አልኋችሁ?»

ጋሽ በላይ በዚህ ጊዜ የጣራውን ማገር በጥሞና ይመረምሩ ነበር። «እሳቸው ልክ ናቸው» አሉ ዓይናቸው ከማገሩ ሳይወርድ። «ምን መብሳት ያስፈልጋል? ደባርቅ ሙሉ ቆርቆሮውን ከነፋስ የያዘው በምንድን ነው? ድንጋይ ጭኖበት አይደለም?»

በዚህ ከተማ ውሃ ሊጠፋ ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ድንጋይ ጫንን። ማሽኑ ሲነሣ ድንጋዮቹ እስክስታ ወረዱና አንዱ የደሳለኝን አውራ ጣት መርጦ አረፈበት። «ድንጋይ እግሩን ስለማያቅፍ ነው፤ የሚያቅፍ ነገር ጫኑ» አሉ ጋሽ በላይ። የእትዬ አለሚቱን የገብስ ጆንያዎች በየእግሩ ላይ ጫንን። ጥሩ ያዘ። ለሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ አንዱ ጆንያ በመንቀጥቀጥ ብዛት ተተረተረና ገብሱ እንደ ጅረት ወርዶ በእግሮቹ ሥር ገባ። ገብስ በለሰለሰ ሊሾ ላይ ምን እንደሚሠራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ጎማ ይሆናል። ማሽኑ ከነጭነቱ፣ ከዚህ በፊት ባላየነው ፍጥነት፣ ገብስ ሊለቅሙ የገቡትን ዶሮዎች እያባረረ ወደ በሩ ገሠገሠ። ዶሮዎቹ ቀድመው ወጡ። እኛ ለሁለተኛ ጊዜ በፍርግርግ ምሳ በላን።

አሁን መብሳቱ ነው ስንል ጋሽ በላይ ሌላ አመጡ። ሰው ይቀመጥበት። በደቦ። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፤ ለእርሻ ሲጠራ የሚያመነታው ሁሉ ቁጭ ለማለት ሲጠራ ማንም አልቀረም። ሦስት ጎልማሶች በሦስቱ ማዕዘን፣ ጋሽ በላይ ራሳቸው በአራተኛው ተቀመጡ። ደሳለኝ ቁልፉን ተጫነ። የአራት ሰው ጉንጭ በአንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨዋታ ጀምረው ነበር፤ ቃላቸው ግን እየተቆራረጠ እንደ ፍየል ድምፅ ወጣ። ጋሽ በላይ ትንሽ ቆይተው ፊታቸው ጎመን መሰለ። «ሊ-ሊ-ሊማሊሞን በጭነት መኪና እንደ መውረድ ነው» አሉና ወርደው ደጅ ወጡ። እሳቸው ሲወርዱ ሚዛኑ ተዛባ፤ ማሽኑ ሦስቱን ተቀማጮች ይዞ ዞረ።

የዚያን ቀን የወጣውን ሐረግ መሪጌታ ብርሃን ላይ አዙረው አዩት። በር ሲሉ ተስፋ አድርገው፣ ማኅሌት ሲሉ ቃል ሰጥተው፣ በእጃቸው የያዙት ያንን ነበር። «ይህ ሐረግ ነው ወይስ ወባ የያዘው እባብ?» አሉኝ በለሆሳስ።  እንጨቱን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ባለቤታቸው ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲነጋ እትዬ አለሚቱ መጥተው በሊሾው ላይ በከሰል አራት ነጥብ ምልክት አደረጉ።

«አራት» አሉኝ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ለእመቤታችን ስል ነው። አምስተኛ ቀዳዳ ያየሁ እንደሆን አንተን እዚያው እተክልሃለሁ።»

እንብሳ ያለው ደሳለኝ ሆኖ ሳለ የምተከለው እኔ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኮንክሪት የሚበሳ መሰርሰሪያ ከዳባት ተውሼ በሚኒባስ ጭኜ መጣሁ። ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። የጎደለው መብራት ብቻ ነው። መብራቱ መጣ፤ የመጣው ግን ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው። የመሰርሰሪያው ገመድ ገና ሳይሰካ ጋሽ በላይ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ገብርኤል አይደለም ወይ? በገብርኤል መሬት ሊቆፈር?»

መሪጌታ ዘንድ ለፍርድ ቀረብን።

«የኔታ፣ ይህ ቁፋሮ አይደለም፤ መሰርሰር ነው» አልኩ።

«ጉድጓድ ይወጣዋል አይወጣውም?»

«ይወጣዋል፤ ግን የጣት ውፍረት ያለው ነው።»

«ገብርኤል በጣት ይለካል?»

ተረታሁ። በሃያ ልንሠራ ብንል መብራት ጠፋ። በሃያ አንድ መጣ፤ ማርያም። በሃያ ሁለት ጠፋ። በሃያ ሦስት መጣ፤ ጊዮርጊስ። ሃያ አራትን ዋለ፤ ተክለ ሃይማኖት። በየተራ ነው የምናድለው ይሉናል የመብራት ሰዎች፤ ተራውን የሚያወጣላቸው ግን ስንክሳር አንባቢ መሆን አለበት። በመጣ ቁጥር ጋሽ በላይ ይመጣሉ። ሰውዬው እንዲህ በዓል አክባሪ መሆናቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ባለፈው ክረምት በሚካኤል ቀን የራሳቸውን አጥር ሲተክሉ ያየሁ መሰለኝ፤ ግን ሽማግሌን በዚህ አይጠይቁም። መድኃኔዓለም፣ አማኑኤል፣ ገና። በመጨረሻ የመሰርሰሪያው ባለቤት ዕቃዬን መልሱልኝ ብሎ ላከብን። ያ መሰርሰሪያ ከዳባት ደባርቅ መጥቶ አንዲት ቀዳዳ ሳይበሳ፣ ሁሉንም በዓል አክብሮ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከገና ማግስት ቁጭ ብለን ቀን ቆጠርን። ለአስተርእዮ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ሊቀ መንበሩ መሪጌታን ባገኟቸው ቁጥር «ብረቱን እንዘዘው እንዴ?» እያሉ ነው አሉ። መሪጌታም ዝም ማለት ጀምረዋል፤ ለቅኔ መምህር ዝምታ ትልቅ በሽታ ነው።

«በእጅ እንብሳው» አለ ደሳለኝ። «ሹል ብረትና መዶሻ ይበቃል።»

ጋሽ በላይ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «እንዲያ ከሆነ ማንም አይንካው፤ ይህ የኔ ሙያ ነው። ሊማሊሞን የበሳሁ ሰው ነኝ።» ሠላሳኛው ቀን ማርቆስ እንደሆነ የሚያነሳ ካለ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ እሳቸውም አላነሡም። ሹሉን ብረት እትዬ አለሚቱ ባሉት ምልክት ላይ አቆሙ፤ መዶሻውን አነሡ። ሊማሊሞን የበሳ ሰው ግን እንዲህ አይመታም። የተቀቀለ እንቁላል የሚልጥ ሰው ቅርፊት እንደሚሰብር፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉና «ደረሰ» አሉ።

ደሳለኝ ምስማር ሰደደበት። «ሁለት ጣት ነው፤ ብሎኑ ስንዝር ነው።»

«ይበቃዋል። ሊሾው ጠንካራ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይፈልግም።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩበት።»

«አልኩህ እኮ ይበቃል።»

እዚህ ላይ ጥፋቴን አልደብቅም። በግጥም ያልወጣልኝ ንዴት ሁሉ፣ የድንጋዩም፣ የገብሱም፣ የፍርግርጉ ምሳም፣ ተሰብስቦ ወደ ቀኝ እጄ ወረደ። ብረቱንና መዶሻውን ከእጃቸው ወሰድኩና ባለኝ ኃይል አንድ ጊዜ መታሁ። ብረቱ ምንም ሳይከላከል እስከ ጨበጥኩበት ሰመጠ፤ ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ከቀዳዳው ተነሥቶ ስንጥቅ ሄደ፤ እንደ ሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ፣ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ፣ እትዬ አለሚቱ እግር ሥር ደርሶ ቆመ።

እትዬ አለሚቱ እዚያ መኖራቸውን አላየሁም ነበር። በልቤ ልብሴን ሸክፌ የዳባትን ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ።

እሳቸው ግን እኔን አላዩም። ጎንበስ ብለው ከስንጥቁ ዳር አንድ ቁራጭ አነሡ። ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው። ከሥሩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር የድሮው የጭቃ ወለል ከነጭዱ ታየ። ቁራጩን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ደረቀ ቂጣ ቀሽ አድርገው ሰበሩት።

«በላይ» አሉ። አቶ የለም፤ አንቱ የለም። «ስንዝር ያልከኝ ይኼ ነው? የማን ስንዝር ነው ይኼ? የእንቁራሪት?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የተገለጠልኝ። ሊሾውን የሠራው ደህናው ባለሙያ ጋሽ በላይ ናቸው። ድንጋዩ፣ ጆንያው፣ የደቦው መቀመጥ፣ ገብርኤሉና ማርያሙ፣ እንቁላል የሚሰብረው መዶሻ፤ ሁሉም ይህን ሁለት ጣት ለመሸፈን ነበር። አንድ ወር ሙሉ የሰውዬውን ሊሾ ስንጠብቅ ከርመናል። የተናደድኩት በመታለሌ አይደለም፤ በገብሱ ላይ ተንሸራትቼ ስወድቅ «አይዞህ ልጄ» ብለው ያነሡኝ እሳቸው በመሆናቸው ነው።

ጋሽ በላይ ተከላከሉ። «ያኔ ሲሚንቶ ጠፍቶ ነበር፤ ታስታውሺ የለም? ደግሞ ለሰው መረገጫ ተባልኩ እንጂ ለሚራመድ አልጋ ነው ተባልኩ?»

መሪጌታ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ስንጥቁን አዩ፤ ሰውዬውን አዩ። «በላይ፣ እኔ በልጆቹ ሥራ ዋስ ስሆን በአንተም ሥራ ላይ ቆሜ ኖሯል» አሉ። ይህች አንዲት ቃል ጋሽ በላይን ከእትዬ አለሚቱ ቁጣ የበለጠ ገባቻቸው። ለሥራ ነጠላቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉ።

በጥር ሁለት፣ ማንም የማያከብረው ቀን መሆኑ በሦስት ሰው ተረጋግጦ፣ ደቦ ወጣ። በአራቱ ምልክት ላይ አራት ጉድጓድ ተቆፈረ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ፤ ክንዱም የእትዬ አለሚቱ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲያልቅ ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን እያወጡ ይለኩ ነበር፤ ጣታቸው መሬት ካልነካ «ጨምር» ነው። ድንጋይ ገባ፤ ፌሮ ገባ፤ ብሎኖቹ ራሳቸውን ወደ ታች፣ ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርገው በፌሮው ታሰሩ፤ ኮንክሪቱ በላያቸው ፈሰሰ። ጋሽ በላይ ፈልገው ሲሠሩ ጥሩ ግንበኛ ናቸው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሲሚንቶው ገና እርጥብ እያለ በምስማር ሁለት ስንኝ ጻፍኩበት። ስለ ጽናት ነበር። ጋሽ በላይ መጥተው አንድ ጊዜ በግንበኛ ማንኪያቸው ለስነው አጠፉት።

«ምነው ጋሼ?»

«ሊሾ ነው እንጂ ደብተር ነው?»

ኮንክሪቱ እስኪጠና ጆንያ አልብሰን ውሃ እያጠጣን ቆየን። ማሽኑን ብሎኖቹ ላይ በውሃ ልክ አስተካክለን ስናስቀምጠው ወለሉ ዘቅዛቃ ስለሆነ ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ቀሩ። ዝም ብለን ብናጠብቀው ብረቱ ይጣመም ነበር፤ ደሳለኝ እንደ ሞፈር ሽብልቅ ስስ ስስ ብረት በእግሮቹ ሥር እያስገባ፣ ውሃ ልኩን እያየ፣ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዚያ አራቱን ዳዶ አጠበቀ። ጥምቀት አልፎ፣ ቃና ዘገሊላ አልፎ፣ መብራት መጣ። ቁልፉ ተጫነ። ድልድዩ ሄደ፤ መለስ አለ፤ እግሩ ላይ አፍጥጠን ቆየን። አልተነቃነቀም። የቆመ ነገር ማየት እንዲህ እንደሚያስደስት አላውቅም ነበር። መብራቱም እንደ ምሕረት ስድስት ቀን ሳይጠፋ ከረመ። የሣልኩት ሐረግ በዋንዛው ላይ አንድም ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፤ መሪጌታ በመዳፋቸው ሲዳስሱት እጃቸው ብዙ ቆየ።

ጥር ሃያ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ ሁለቱን ሳንቃ በሰው ትከሻ አሸክመን ወደ ደብሩ ወጣን። ሊቀ መንበሩ፣ ካህናቱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የግራው ሳንቃ ተሰቀለ፤ ልክ። የቀኙ ተሰቀለ፤ አልዘጋ አለ። ከላይ የቅጽሩን የድንጋይ ምሰሶ ይነክሳል፣ ከታች ድመት የምታልፍበት ክፍተት ይተዋል። ደሳለኝ ፊቱ አመድ ሆነ።

«እኔስ ብዬ ነበር» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ብረት ይሻላል ብዬ ነበር። ማሽናችሁ አጣሞታል።»

ሰው ሁሉ መሪጌታን አየ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳንቃውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሲመሽ ማኅሌት ይቆማል፤ እሳቸው በቃላቸው መሠረት በዚህ በማይዘጋ በር በኩል ከውጭ ሊቆሙ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ መከራ ተምሬያለሁ፤ ነገር ሲጣመም ከሥሩ ማየት። ከደሳለኝ ቦርሳ ውስጥ ቱንቢውን አወጣሁና ከድንጋዩ ምሰሶ አናት ላይ ለቀቅሁት። ክሩ ተንጠልጥሎ ረጋ። ከላይ ምሰሶውን ይነካል፤ ከታች መዳፍ ሙሉ ርቆ ቆመ።

«በሩ ቀጥ ያለ ነው» አልኩ። «የተጋደመው ምሰሶው ነው።»

ሊቀ መንበሩ ቀርበው ክሩን አዩ። ካህናቱም አዩ።

«ይህን ምሰሶ ማን ነው የገነባው?» ስል ጠየቅሁ።

 ሰው አንድ በአንድ ዞረ። ጋሽ በላይ፣ እቤት ማገሩን እንደመረመሩት፣ ሰማዩን ይመረምሩ ነበር።

«ታስቦ ነው» አሉ። «ዝናብ እንዲወርድበት ነው የዘነበለው።»

«ይፍረስ» አሉ እትዬ አለሚቱ ከሴቶቹ መካከል።

«እንዴት ይሆናል? ዛሬ ዋዜማ ነው፤ ነገ ማርያም ናት። ቁፋሮ አይቻልም።»

የሚያስቆጨው ደግሞ በዚያች ሰዓት እውነታቸውን ነው። መሪጌታ ሳቃቸው መጣ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ የሳቁት ሳቅ ነው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ልጄ፣ ምሰሶ የለውም ብዬ ግጥምህን ነቅፌ ነበር። ለካ ምሰሶ መኖሩም ብቻውን አይበቃም» አሉኝ። ይህን ምስጋና ብዬ ልያዘው ወይስ ሌላ ነቀፋ ብዬ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

የሆነው ይህ ነው። በአራት ብሎን ታስሮ፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ፀጉር የማታህል ስህተት ሳይሠራ የቀረጸውን ቀጥ ያለ በር፣ ደሳለኝ እዚያው ተንበርክኮ ከጫፉ በመላጊያ እየላገ ጠማማ አደረገው። ጠማማው በር ጠማማው ምሰሶ ላይ ልክ ገጠመ። ተዘጋ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሊቀ መንበሩ «ከመጀመሪያም ዋንዛ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። መሪጌታ በሩን ተሳልመው ገቡ፤ ያን ሌሊት ማኅሌቱን ከፊት ሆነው መሩ።

አሁን ወደ ደብሩ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩን ተሳልሞ፣ ሐረጉን በጣቱ ዳስሶ፣ ማን እንደሠራው ጠይቆ ይሄዳል። ጋሽ በላይ ብቻ በሩን አይሳለሙም። እሳቸው የሚሳለሙት ምሰሶውን ነው። ግንባራቸውን አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ንስሐ ይግቡ ምሰሶውን ይደግፉ፣ ቆሜ አይቼም መለየት አልቻልኩም።